የሚተኛው ካሜራና የእማዬ እንግዳ

እማዬ «ያ ሰውዬ ዛሬም መጣ» ያለችኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ነው። ጎረቤት ጨው ልትበደር መጣች እንደማለት ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው።

«የቱ ሰውዬ?»

«የቀትሩ ነዋ። ውሃውን ጠጥቶ ሄደ።»

ሳቅኩ። በዚያን ሰሞን ለእማዬ የሞቱ ሰዎች ቤታችን ይገቡ ይወጡ ነበር። ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አባታችን አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ፣ እሷ ግን «ምሳው ይቅረብለት እንጂ» ትለኛለች። ሻይ ላይ ጨው ትጨምራለች። እኔን በአክስቴ ስም ጠርታኝ አቤት ሳልላት ስቀር ትቆጣለች። ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሰውዬ ቢጨመር ምን ይደንቃል? ሽንኩርቴን ጨርሼ ግቢውን ልጠርግ ስወጣ ግን ሳቄ ጠፋ። ከመተኛቴ በፊት በገዛ እጄ የጣልኩት የውጭ በር መቀርቀሪያ ተነስቷል። ማድ ቤት የሚቀመጠው የእንጨት ዱካ ከእማዬ አልጋ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አጠገቡ የብረት ኩባያ፣ ውስጡ ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ቀርቶበታል።

እዚህ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ቀትራችንን ልንገረው። በሙቀቱ ወራት ከሰባት ሰዓት በኋላ ጅቡቲ ከተማ ትሞታለች። ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፤ ቢሮው ይዘጋል፤ ጫቱ ሲደርስ ወንዱ ተከትሎት ይገባል፤ የቀረው ይተኛል። ውሻ እንኳ መኪና ሥር ገብቶ ቢረግጡት አይነሳም። ሌላ አገር ሰው የሚፈራው ሌሊትን ነው። እኛ ካርቲየ የሚባለው የድሮ ሰፈር ሰዎች ሌሊቱን ጣሪያ ላይና ደጅ ላይ ተዘርግተን ስናወራ ስለምናነጋ ሌሊት ማን ይደፍረናል? ጎዳናው ጭር የሚለው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ቢጮህ የሚሰማው የማይኖረው ያኔ ነው።

እኔ ከንጋት በፊት ተነስቼ ለወደብ ሠራተኞች ፉልና እንቁላል በዳቦ እሸጣለሁ። ስለዚህ ምሳዬን እንደበላሁ ክሊሙን አበራና እንደ ድንጋይ እወድቃለሁ። ክሊም ማለት የአየር ማቀዝቀዣው ነው፤ እዚህ ሁላችንም እንደ ፈረንሳዮቹ ነው የምንጠራው። የኔው አሮጌ ነው። ሲሠራ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ የውጭው ሳጥኑም መንገዱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። እሱ እየጮኸ ቤቱን ነቅለው ቢወስዱት አልሰማም። እማዬ ደግሞ «አጥንቴን ይበላዋል» ብላ ክሊም ካለበት አትገባም። ቀትሯን የምታሳልፈው ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የጠፍር አልጋዋ ላይ ነው። ብቻዋን።

ለወንድሜ ነገርኩት። ታናሼ ነው፤ ወደብ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ከሚስቱ ጋር ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው።

«እታለም፣ በሩን የምትከፍተው ራሷ ናት» አለኝ። «አንድ ቀን ወጥታ ፀሐይ ላይ ወድቃ እናገኛታለን። ስንቴ ልንገርሽ? ሐረር አክስታችን ጋ እንውሰዳት። ነፋሻ ነው፣ ዙሪያዋን ሰው አለ።»

«በዚህ ዕድሜዋ ከቤቷ ነቅለህ? እዚህ ዓይኗን ጨፍና መጸዳጃ ቤት ትደርሳለች። እዚያ ግድግዳ ስትዳብስ ነው የምትሞተው።»

«ዕድሜ ልኳን የኖረችው እዚህ መሆኑ መች ጠፋኝ?»

«እሺ፣ ዱካውስ? ኩባያውስ?»

«ለአባባ አስቀምጣለት ይሆናላ።»

እማዬ ከአልጋዋ ሆና ስትሰማን ኖራ «እኔ እኮ እዚሁ ነኝ፣ አልሞትኩም» አለች። «ደግሞ ወዴትም አልሄድም። እኔ ከሄድኩ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

ወንድሜ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። እግሯን እየጎተተች የምትሄድ ሴት ቤት ልትጠብቅ!

«ካሜራ እናስገባ» አለኝ በመጨረሻ፣ ወደ ደጅ ስሸኘው። «ሰው ካሳየ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ። ሰው ካላሳየ ግን እማዬን ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወስጄ አሳፍራታለሁ፣ አንቺም አትሟገችኝም። ተስማማን?»

ተስማማሁ። የእናታችን ነገር ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ዓይን እጅ ገባ።

ቡላኦስ ሰፈር ካሜራ የሚሸጥ የምናውቀው ሰው አለ። ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ሲያሳድድ ያደገ የአገሩ ልጅ ስለሆነ አማርኛው ከኔ አማርኛ አይተናነስም። ሁለት ዕቃ አውጥቶ ፊታችን አስቀመጠ።

«አባዮ» አለኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። «ይኼኛው ባለባትሪ ነው። ሽቦ የለው፣ ጣጣ የለው፤ ሰቅሎ መርሳት ነው። ባትሪውን እንዳይጨርስ ይተኛል። ሰው ሲያልፍ የሰውየው ሙቀት ይቀሰቅሰዋል፣ ይቀርጻል፣ ስልክ ላይም ይጮሃል። ይኼ ደግሞ ባለሽቦው። ግድግዳ ትበሻለሽ፣ ሽቦ ትዘረጊያለሽ፣ መቅረጫ ሳጥንም አለው። እሱ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። መብራት ሲሄድ ግን ይሞታል።»

«እንግዲህ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ይሞታል በለኛ።»

«እንደኛው ናቸው አባዮ፤ ምረጪ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

የኔ ልብ ያለው ባለሽቦው ላይ ነበር። የሚተኛ ዘበኛ ምን ይረባኛል? ወንድሜ ግን ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ወር መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ረሳሽው? ሌባ ቢሆን መብራት የሄደ ቀን ነው የሚመጣው። ደግሞስ አባባ በእጁ ያቆመውን ግድግዳ በመሰርሰሪያ ልበሳው?» የአባባ ግድግዳ ሲነሳ አፌን ያዝኩ። ባለባትሪውን ይዘን ወጣን።

የሰቀልነው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ይህ የከተማችን ልማድ ነው፤ ሥራ የሚባል ሁሉ ወይ በጠዋት ነው ወይ ሲመሽ፤ ቀትር ላይ ሚስማር እንኳ የሚመታ የለም። ወንድሜ ጥላው ሥር ካለው ምሰሶ ላይ አሰረው፣ በሩንም የእማዬንም አልጋ የኔንም ክፍል እንዲያይ አድርጎ። ከዚያ ወጥቶ ገባ፤ ስልኩ ጮኸ። እኔ አለፍኩ፤ ጮኸ። የጎረቤት ፍየል አንገቷን በበሩ አስገባች፤ ጮኸ።

«አየሽ? ፍየል እንኳ አታመልጠውም!»

እማዬ ቀና ብላ ካሜራውን መረመረችው። «ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሲናገር ሰነበተ። ጎህ ሲቀድ ድመት። እኔ ድስቴን ተሸክሜ ስወጣ። ዳቦ የሚያመጣው ሰው። ማታ ያቺው ፍየል። ቀትር ላይ ምንም። ወንድሜ ሲመሽ ይደውልና «ዛሬም ማንም አልመጣም» ይለኛል። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል እማዬ «ዛሬም መጣ» ትለኛለች። አልፎ አልፎ ብቻ «ዛሬ አልመጣም» ትላለች።

«ምን ይመስላል እማዬ?»

«ሰው ነዋ የሚመስለው።»

«ምን ይላል?»

«ወሬ አያበዛም። ወደ አንቺ ክፍል ያያል።»

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ክሊሙን ሳላበራ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ላቤ እንደ ጎርፍ እየወረደ ጠበቅኩት። አልመጣም። በማግስቱም ጠበቅኩ፤ አልመጣም። «ይኸው፣ ማንም የለም» አልኳት። እማዬ እግሯን እያሻሸች «አንቺ ነቅተሽ መች ይመጣና» አለች።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። «እታለም፣ በሽታው እኮ ይኸው ነው» አለኝ ድምፁን አለስልሶ። «የቅዳሜውን ባቡር ቦታ ይዤላታለሁ። ሻንጣዋን አዘጋጂ።»

ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ነጠላዋን አጥፌ አስገባሁ። እማዬ ስወጣ ጠብቃ ነጠላዋን መልሳ አውጥታ ለበሰችው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ኸምሲን ተነሳ፤ ከበረሃው የሚመጣው እሳት የመሰለ የአቧራ ነፋስ። ጎኔን ገና ሳላሳርፍ ስለነበር ሮጥ ብዬ ወጥቼ ልብስ ከገመዱ ላይ ለቀምኩ። ነፋሱ ቀሚሴን እስከ ጭንቅላቴ ገልቦት ካሜራው ሥር ስደናበር ቆየሁና ገባሁ። ማታ ወንድሜ ሲደውል አፍሬ «የዛሬውን አጥፋው፣ ለሚስትህም እንዳታሳይ» አልኩት።

«የቱን?»

«ልብስ ስሰበስብ የነበረውን ነዋ። ቀትር ላይ።»

«ዛሬ ቀትር ላይ ምንም የለም።»

«አትቀልድ። ካሜራው ሥር እኮ ነው የቆምኩት።»

«እታለም» አለኝ፤ «ስልኩ ላይ የለሽም።»

የያዝኩትን ማማሰያ አስቀመጥኩ። ቀስ ብሎ ሌላ ነገር መጣልኝ። እማዬ ቀትር ላይ ትነሳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች። እሷም በዚያ ሰዓት አንድ ቀን ታይታ አታውቅም። ከአልጋዋ ስለማትነሳ ነው ብለን ነበር።

ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው፣ ወንድሜም ቤቱ ስለነበር ቀትር ላይ ስልክ ላይ አቆየሁት። ከእማዬ አልጋ እስከ በሩ ሄድኩ። «አየኸኝ?» «የለሽም።» እጄን አወናጨፍኩ። «የለሽም።» በንዴት ትከሻዬን ነቅንቄ እስክስታ መታሁ፤ እማዬ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ አጨበጨበችልኝ። «እታለም፣ ማንም የለም» ይላል ወንድሜ በስልኩ ውስጥ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ማድ ቤት ገብቼ ከፍሪጁ በረዶ የሠራ የውሃ ጠርሙስ አወጣሁ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌው ወደ ግቢው ብቅ አልኩ።

«ጮኸ! አሁን መጣሽ!»

ጠርሙሱን መለስኩት። ደረቴ እስኪሞቅ ጠብቄ ወጣሁ። «የለሽም።» እንደገና ያዝኩት። «አለሽ።»

ያ ባለሱቅ «የሰውየው ሙቀት ይቀሰቅሰዋል» ማለቱ ትዝ አለኝ። ቀትር ላይ አየሩ ራሱ እንደ ደም ሲሞቅ ሰው በረዶ ካልያዘ ከአየሩ በምን ይለያል? ለዚያ ዓይን በዚያ ሰዓት እኔም የለሁ፣ እማዬም የለች፤ ሌላ ሰው ቢመጣም የለም። ዘበኛችንን በምሽት ፈትነን ቀትር አስጠበቅነው። በዚህ ከተማ ቀትር ላይ ምንም የሚሞክር ሰው የለማ!

«ይህ ማለት እኮ ሰው ይመጣል ማለት አይደለም» አለ ወንድሜ።

«አይመጣም ማለትም አይደለም።»

«እሺ፣ ባለሽቦውን እንግዛ። ግን መብራት ሲሄድ ይሞታል። ምን አተረፍን?»

ያኔ ነው ነገሩ አንድ ላይ የገጠመልኝ። እማዬ «ዛሬ አልመጣም» ያለችባቸው ቀኖች አሉ። መብራት የሄደባቸው ቀኖች ናቸው። እኔ ነቅቼ የጠበቅኩባቸውም ቀኖች ክሊሙን አላበራሁም ነበር።

«መብራት ሲሄድ እሱም አይመጣም» አልኩት።

«እንዴት?»

«የሚመጣው ክሊሜ ሲጮህ ነው። መንገድ ላይ ይሰማል፣ ውሃውም ሲንጠባጠብ ይታያል። ክሊሙ ከጮኸ እኔ ተኝቻለሁ ማለት ነው።»

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው በእውነት የፈራሁት። እስከዚያ ድረስ የማወራው ስለ ካሜራ ነበር።

ወንድሜ ያን ዕለት ማታ ባለሽቦውን ገዝቶ መጥቶ የአባባን ግድግዳ በገዛ እጁ በሳው። መቅረጫውንና ማያውን እኔ ክፍል አስቀመጠ። ባቡሩን ግን አልሰረዘም። «ነገ ማታ ነው ጉዞው። ቀትሩ ይለፍና እንየው» አለኝ። «ክሊሙን እንደወትሮው አብሪ። አትተኚ፤ ማያውን እያየሽ ቁጭ በይ። ሰው ከገባ ለኔም ለጎረቤትም ደውዪ።»

አብርቼ ቁጭ አልኩ። ስልኬን ጭኔ ላይ አደረግኩ። በማያው ላይ ነጭ ብርሃን፣ የእማዬ አልጋ፣ የእማዬ እግር። ከንጋት በፊት የተነሳ ሰውነት ግን መሐላ አያውቅም። ካሜራው አልተኛም፤ እኔ ተኛሁ።

የነቃሁት ወንድሜ ትከሻዬን ሲወዘውዘኝ ነው። እማዬን ሊወስድ ሻንጣዋን ፍለጋ ነበር የመጣው። ሳንነጋገር መቅረጫውን ወደ ኋላ መለሰው።

ምስሉ ድምፅ የለውም። እማዬ አልጋዋ ላይ ናት። አንገቷን ቀና አደረገች። ተነሳች፣ እየተጎተተች ሄዳ መቀርቀሪያውን አነሳች።

ሰውየው ገባ። ሽርጥ አገልድሟል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ አቧራ እንደሚፈራ ሰው በሻሽ ጠቅልሏል። እማዬ ዱካውን አቀረበችለት። ተቀመጠ። ከጀሪካኑ ቀድታ ኩባያውን በሁለት እጇ ሰጠችው። ሻሹን ከታች ከፈት አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ተነሳና ወደኔ ክፍል ሄደ።

ወንድሜ እጄን ጨምድዶ ያዘው።

ሰውየው በሬ ላይ ጆሮውን አስጠጋ። እማዬ ብትጠራኝ ብዬ የማልቆልፈው በር ነው። መዳፉን እጀታው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳብሱት። እኔ ከዚያ እንጨት ወዲህ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። እማዬ ከኋላው ደረሰች። የሸሚዙን ጫፍ ያዘችና የሆነ ነገር አለችው። አልዞረም። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ እጁን አወረደ፣ ተመልሶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። እሷም ደግማ ቀዳችለት።

ሲወጣ አልሮጠም። በሩ ላይ ዞር ብሎ አዲሱን ካሜራ ቀና ብሎ አየው። የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር።

እማዬ ውጭ አልጋዋ ላይ ነበረች። ወንድሜ ሄዶ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ምን አልሽው?»

«ማንን?»

«ሰውየውን። የቀትሩን።»

«ልጄ ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት አልኩት። ሁልጊዜ የምለው ነው።»

«ታዲያ ለምን ትከፍቺለታለሽ?»

እማዬ እንደ ቂል አየችው። «መጀመሪያ ቀን በአጥር ዘሎ ነው የገባው። እጁም ባዶ አልነበረም። በአጥር የገባ ሰው ሌባ ነው፣ ያሰበውን ያደርጋል። በበር ያስገባኸው ግን እንግዳህ ነው። ውሃህን ከጠጣ በኋላ ቤትህን ለመንካት ያፍራል። እና እኔ በምን ጉልበቴ ላስወጣው ኖሯል? እከፍትለታለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ። እስኪያፍር ድረስ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ነግሬአችሁ ነበር እኮ። ቤቱን ማን ይጠብቃል አላልኩም?»

ወንድሜ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አደረገ። ሐረር የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ምስሉን ፖሊስ ጋ ወሰደው። ጎረቤቶችም አዩት። በሻሽ የተጠቀለለ ፊት በዚህ ከተማ ስንት ነው? ማንም አላወቀውም። ምን ይፈልግ እንደነበር፣ ያ መዳፍ እዚያ በር ላይ ምን እያሰበ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን አስጠነከርን፣ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አስተከልን። ባለሽቦው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ባለባትሪውም አልወረደም፤ የድመቷንና የፍየሏን ወሬ ያቀብለናል።

እኔ ግን ቀትር ላይ መተኛት ተውኩ። ክሊሙን ለባዶ ክፍል አበራለትና እማዬ አጠገብ፣ ጥላው ሥር፣ ዘነዘናዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ይምጣና ይለይልን ብዬ ነው።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀትር፣ ክሊሙ እየጮኸ፣ እማዬ ዱካውን አቀረበች። ቀድታም ኩባያውን ዱካው ላይ አስቀመጠች። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ከዚያ የፕላስቲክ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ደጃችን ላይ ሲደርስ ቆመ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጥላ ገባ። ዘነዘናውን ጨበጥኩ።

እማዬ አንገቷን ወደ በሩ አዘነበለች። ከዚያ ጎረቤቷን እንደምትጠራ ሴት ጮክ ብላ፣ «ዛሬ ልጄ ነቅታለች!» አለች።

ጥላው አልተነቃነቀም። ክሊሙ ይጮሃል። እማዬም ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ብዙ ቆይቶ ጥላው ተነሳ፣ የጫማውም ድምፅ ሳይቸኩል እየራቀ ሄደ።

እማዬ ኩባያውን አንስታ ሰጠችኝ።

«እንግዲያው አንቺ ጠጪው» አለችኝ። «ተቀድቶ አይመለስም።»